የጥላ ሸራ ሥራ ማስታወሻ፦ ሁለት ጊዜ የተቀነሰው 12 ሳንቲ

ሳምንት 1፦ ልኬትና ግድግዳ

ሥራው የመዋለ ሕፃናት ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛው በመጫወቻው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የሚዘረጋና የሚታጠፍ የጥላ ሸራ ነው። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ወደ ውጭ የሚወጣው 3 ሜትር። ሁለተኛው ከዋናው በር በላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቋሚ ጥላ ነው፣ 2 ሜትር በ1.20።

እኛ ቤት ሥራው የተከፋፈለ ነው። አባዬ ደንበኛ ያነጋግራል፣ ዋጋ ይሰጣል። አጎቴ ይበይዳል። እማዬ ሸራውን ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። እኔና ወንድሜ እንለካለን፣ ግድግዳ እንበሳለን፣ እንሰቅላለን። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ባለፈው ሥራ አንድ ልኬት በቃል ተነግሮ ስለጠፋብን ነው። "ነግሬሃለሁ"፣ "አልነገርሽኝም" ተባብለን ቀረን። ስለዚህ በዚህኛው ሥራ ሁሉም ቁጥር ይጻፋል ብዬ ወስኛለሁ።

ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ አንኳኳሁት፣ ጠንካራ ድምፅ ሰጠኝ። ልስኑ ወፍራም ነው። ኮንክሪት ነው ብዬ ጻፍኩ። አባዬም በዚያው ቀን ዋጋ ሰጠ።

በማግስቱ ወንድሜ በ6 ሚሊ ቢት መሞከሪያ ቀዳዳ በሳ። ልስኑን አለፈ፣ ሦስት ሳንቲ ያህል ጠነከረበት፣ ከዚያ ድሪሉ ዘፍ ብሎ ገባ። ባዶ ነው። ብሎኬት! ከፍ ብሎ ሌላ ቀዳዳ በሳ፣ እንደዚያው። ቢሙን፣ ማለትም ግድግዳው ላይ በአግድም የተዘረጋውን የኮንክሪት ተሸካሚ፣ ያገኘነው ከመሬት 3 ሜትር ላይ ነው። እሱም ቢሆን ቁመቱ 25 ሳንቲ ብቻ ነው፣ ወዲያው ከላዩ የጣሪያው ክፈፍ አለ። የሸራው ጥቅልል ክፈፉ ሥር ሊሰቀል አይችልም፣ ሸራውን የሚዘረጉት እጆች ሲታጠፉ ቦታ ይፈልጋሉ። መያዣዎቹ የግድ 2.95 ላይ መዋል አለባቸው፣ እዚያ ደግሞ ብሎኬት ነው።

የልስን ድምፅ ያታልላል። ከብሎኬት የሚወጣው አቧራም ከኮንክሪት አቧራ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። እርግጡን የሚነግርሽ ቀዳዳው ብቻ ነው። እኔ ግን ቀዳዳ ሳይበሳ "ኮንክሪት" ብዬ ጻፍኩ፣ አባዬም የጻፍኩትን አምኖ ዋጋ ሰጠ።

ማታ ይህን ስነግረው ብዙ አልተናገረም። "ዋጋውን ብለናል፣ አንቀይርም። ግን ከአሁን በኋላ ቀዳዳ ሳይበሳ ዋጋ አልሰጥም" አለኝ። ጭማሪ ብረቱና የሁለት ቀን ጉልበቱ ከኛ ነው።

ሳምንት 2፦ ስሌትና ብረት

ዝርዝር አድርጌ የምጽፈው ይህን ክፍል ነው፣ ምክንያቱም የሚታጠፍ ሸራ የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። ሸራው ቀላል ይመስላል። ግድግዳው ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ግን የክብደቱ ብቻ አይደለም፣ እንደ ረጅም ማንሻ ነው የሚሠራው።

የአውሮፓው የጥላ ሸራ መስፈርት፣ ኢኤን 13561፣ ለሁለተኛው የነፋስ ደረጃ በካሬ ሜትር 70 ኒውተን ይይዛል፣ በግምት 7 ኪሎ ማለት ነው። የኛ ሸራ 12 ካሬ ነው፣ ስለዚህ 84 ኪሎ። ይህ ጉልበት መሐል ላይ፣ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ርቆ እንደሚያርፍ ብንይዝ 126 ኪሎ ሜትር የሚያህል የማጠፍ ኃይል ይሆናል (ኪሎ በሜትር ተባዝቶ ማለቴ ነው)። የራሱ ክብደት 60 ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ሜትር ወጣ ብሎ ይጎትታል፣ 60 እንጨምር። ጠቅላላው 186።

አሁን ይህን ኃይል የሚሸከሙት ሦስት መያዣዎች ናቸው። መያዣው ላይ በላይኛውና በታችኛው ቡሎን መካከል ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ነው። 186 ለ0.10 ሲካፈል 1860፣ ለሦስት ሲካፈል በአንድ መያዣ 620 ኪሎ። እያንዳንዱ የላይኛው ቡሎን 620 ኪሎ ወደ ውጭ ይጎተታል ማለት ነው። ባዶ ብሎኬት ውስጥ በገባ የፕላስቲክ ፊሸር! ለዚያውም ሥሩ ልጆች ይጫወታሉ።

መፍትሔው ርቀቱን ማስረዘም ነው። አጎቴ ሦስት የዩ ቅርጽ ብረቶች ቆረጠ፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ። ላይኛው ጫፋቸው ቢሙ ላይ ይያዛል፣ ታችኛው ጫፋቸው 50 ሳንቲ ዝቅ ብሎ ብሎኬቱን አልፎ ከውስጥ በኩል በፕሌት ይታሰራል። የሸራው መያዣ ብረቱ ላይ ይታሰራል። 186 ለ0.50፣ ለሦስት፣ 124 ኪሎ። ከ620 ወደ 124 ወረደ። በዚህ ላይ የጥንቃቄ ማባዣ ጨምረንም ቢሙ በቀላሉ ይችላል። ነፋስ ከሥር ገብቶ ሸራውን ወደ ላይ ሲያነሳው ደግሞ የሚጎተተው የታችኛው ቡሎን ነው፣ ስለዚህ ታችኛውን በፊሸር ማለፍ አይቻልም፣ ግድግዳውን በስቶ መውጣት አለበት።

ዳይሬክተሯን አስፈቀድን፣ ምክንያቱም ፕሌቶቹ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ይታያሉ። "ልጆቹን የሚቧጭር ነገር እንዳይኖረው ብቻ" አሉን። ቡሎኖቹን በልካቸው ቆርጠን፣ ጫፉ የተደፈነ ዳዶ አደረግንባቸው። የፕሌቱን ጥግ በግራይንደር አለዘብን።

የበሩ ትንሽ ጥላ በዚሁ ሳምንት አለቀ። 40 በ40 ካሬ ቱቦ፣ 2 ሚሊ ውፍረት። አጎቴ አንዱን ጥግ ጨርሶ ሲበይድ ፍሬሙ ተጣመመ፣ ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች በ9 ሚሊ ተለያዩ። ቆርጦ እንደገና አራቱንም ጥግ በነጥብ ያዘ፣ ሰያፉን ለካ፣ ከዚያ ተሻጋሪ ጥጎችን እያፈራረቀ ጨረሰ። ቱቦው ጋልቫናይዝድ ስለሆነ ብየዳው በሚያርፍበት ቦታ ዚንኩን በግራይንደር ማንሳት ግዴታ ነው፣ ጭሱ ያሳምማል። ከብየዳ በኋላ የተላጠውን በዚንክ ቀለም ሸፈንን።

ሳምንት 3፦ ቅድና ስፌት

ሸራው አክሪሊክ ነው፣ ጥቅሉ 1.20 ስፋት አለው። እማዬ መቼም በዳር በኩል ቀጭን ቁራጭ አትተውም። ሁለት ሙሉ ጨርቅ መሐል፣ የቀረውን ለሁለት ከፍላ በግራና በቀኝ። እንዲህ ሲሆን ስፌቶቹ ጥቅልሉ ላይ በእኩል ርቀት ይደራረባሉ፣ ሸራው ወደ አንድ ጎን አይሸሽም።

ቁመቱ 3.60 ተቆረጠ። 3 ሜትር የሚወጣው፣ ሁለት ዙር ጥቅልሉ ላይ የሚቀረው (የኛ ቱቦ 78 ሚሊ ነው፣ አንድ ዙር 24.5 ሳንቲ)፣ የቀረው ለእጥፋት። አራት ጊዜ 3.60፣ 14.40 ሜትር ጨርቅ።

ክሩ ላይ እማዬ አትደራደርም። ተራ ፖሊስተር ክር ሸራው ደኅና እያለ በፀሐይ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ስፌቱ ይፈታል። ከዓመታት በፊት በርካሽ ክር የሰፋችው አንድ ሥራ እንዲህ ሆኖባት በነፃ መልሳ ሰፍታዋለች። ፀሐይ የሚችለው ክር ውድ ነው፣ ግን አንድ ሥራ ላይ የሚያልቀው ጥቂት ነው።

ስፌቱ አምሮ ወጣ። ሁለት ቀን ከግማሽ ፈጀ።

ሳምንት 4፦ መስቀል፣ እና 12 ሳንቲ

ቢሙ ላይ ኬሚካል አንከር ተጠቀምን፣ ቀዳዳ ውስጥ በሙጫ የሚያዝ የብረት ዘንግ ማለት ነው። 12 ሚሊ ዘንግ፣ 14 ሚሊ ቀዳዳ፣ ጥልቀት 11 ሳንቲ። ቀዳዳውን ሁለት ጊዜ በፓምፕ መንፋት፣ ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ሁለት ጊዜ መንፋት። አቧራ ከቀረ ሙጫው የሚይዘው አቧራውን ነው። ከካርትሪጁ መጀመሪያ የሚወጣው ሙጫም ይጣላል፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ። ወንድሜ የመጀመሪያውን አልጣለም፣ ትንሽ ነው ብሎ አሳዘነው። ከስድስቱ ዘንጎች አንዱ በማግስቱ በእጅ ሲነካ ዞረ። ውስጡ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ቀርቷል። አወጣነው፣ ቀዳዳውን አጽድተን እንደገና በሳነው፣ በአዲስ ሙጫ ሞላነው። አንድ ቀን ጠፋ። ከደረቀ በኋላ ሁሉንም ማሸጊያው በሚለው 40 ኒውተን ሜትር በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አሰርን፣ ስድስቱም ያዙ።

ብረቶቹ ቆሙ፣ መያዣዎቹ ታሰሩ፣ በውኃ ልክ ተስተካከሉ። ጥቅልሉን ሰቀልን። ሸራውን ስንዘረጋው በግራ በኩል ከእጁ እስከ ሸራው ጠርዝ ሰፊ ክፍተት አየሁ። በቀኝም እንደዚያው። ለካሁ። 3.76።

መሆን የነበረበት 3.88 ነው። የሸራው ስፋት ከጠቅላላው የእቃው ስፋት 12 ሳንቲ ይቀነሳል፣ ለመያዣዎቹና ለጊሩ። እኔ ቀንሼ "ስፋት 3.88" ብዬ ጻፍኩ። እማዬ ደግሞ ሁልጊዜ ከኛ የምትቀበለው የእቃውን ስፋት ስለሆነ፣ ከ3.88 ላይ እንደገና 12 ቀነሰች።

ይሄኛው በጣም አበሳጨኝ። ማስታወሻ የጀመርኩት ቁጥር በቃል እንዳይጠፋ ነበር። ቁጥሩ አልጠፋም፣ ተጽፏል፣ ልክም ነው። የምን ቁጥር እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ሁለታችንም ተጠንቅቀን ነው የተሳሳትነው።

"ቁጥሩ ገርሞኝ ነበር" አለች እማዬ። "ቦታው ጠቦባችሁ መሰለኝ። ልጠይቅሽ ስል ደግሞ ድሪል ላይ ነበርሽ።"

"መጥተሽ ብታስቆሚኝ እኮ..."

"እሺ፣ ሁለተኛ አስቆምሻለሁ።"

አባዬ አንድም ቃል ሳይናገር ጥቅሉ ላይ የቀረውን ጨርቅ ሊለካ ሄደ። 9 ሜትር አለ። አዲስ ሸራ ሙሉ በሙሉ ለመስፋት አይበቃም። ከሌላ ጥቅል ብንጨምር ደግሞ ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ልዩነቱ ይጎላል።

ቀጭን ማስፊያ በዳር ብንጨምርስ? ወንድሜ ያነሳው ሐሳብ ነው። እማዬ እምቢ አለች። ዳር ላይ ተጨማሪ ስፌት ካለ ጥቅልሉ ላይ በዚያ በኩል ይወፍራል፣ ሸራው ሲጠቀለል ይሸሻል፣ በጊዜ ብዛት ጠርዙ ይቦጫጨቃል። እሷ የመረጠችው ሁለቱን የዳር ጨርቆች ብቻ ፈትቶ መቀየር ነው። 73 ሳንቲ የነበሩት በ79 ይተካሉ። የመሐል ስፌት አይነካም። 7.20 ሜትር ጨርቅ ይበቃል፣ ካለን ላይ ይወጣል። የድሮው የመርፌ ቀዳዳ በአዲሱ የ2 ሳንቲ ድርብ ውስጥ ይደበቃል።

ሳምንት 5፦ ሸራውን ማውረድ

ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል።

የሚታጠፍ ሸራ እጆች ውስጥ ኃይለኛ ሞላ አለ። እጆቹ ሁልጊዜ ወደ ውጭ መዘርጋት ይፈልጋሉ፣ የሚይዛቸው ሸራው ራሱ ነው። ስለዚህ ሸራ ከመፈታቱ በፊት እቃው ይዘጋል፣ ሁለቱም እጆች በታጠፉበት በቀበቶ ይታሰራሉ፣ ከዚያ ነው ከፊተኛው ዘንግ የሚለያዩት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ወንድሜ የቀኙን እጅ አሰረ። የግራውን ቀበቶ እኔ ላቀብለው ነበር። ዳይሬክተሯ ከታች ጠሩኝ፣ ዞር ብዬ መለስኩላቸው። እሱ ሁለቱም የታሰሩ መስሎት የግራውን ቡሎን አላላ። ቁልፉ ከእጁ ወደቀና ሊያነሳ ጎንበስ አለ። በዚያች ቅጽበት ቡሎኑ ለቀቀ። የሸራው እጅ እንደ ጅራፍ ተፈናጥሮ የስካፎልዲንጉን ቱቦ መታ። ቱቦው ጎደጎደ። ጎንበስ ባይል ፊቱ እዚያ ነበር።

ማንም አልተጎዳም። አጎቴ ከታች "ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!" ብሎ ጮኸ። ወረድን። የዚያን ቀን ሥራ አቆምን። ወንድሜ ማታ ራት አልበላም። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ቀበቶዎቹ ቀይ ናቸው። ሁለት ቀይ ቀበቶ ከመሬት ሆኖ ካልታየ ማንም ቁልፍ አያነሳም። ቡሎን የሚያላላው ሰው ቀበቶውንም ራሱ ያስራል፣ ከሌላ ሰው አይጠብቅም። ከሥር የሚጠራንም ሰው ካለ አጎቴ ነው የሚያነጋግረው። ይህን አባዬ ወርክሾፑ በር ላይ በቀለም ጻፈው።

እማዬ በዚህ መሐል ጨርቁን ፈትታ ቀየረች፣ ሁለት ቀን። አሁን 3.88፣ ከላይም ከታችም ከመሐልም ተለክቷል። የወጡት ሁለት የ73 ሳንቲ ጨርቆች ለትንሽ የመስኮት ጥላ ተቀምጠዋል።

ሳምንት 6፦ ዝንባሌ፣ ውኃ፣ ርክክብ

ዳይሬክተሯ የፊቱ ጠርዝ ከፍ እንዲል ፈልገው ነበር፣ ለክፍሎቹ ብርሃን እንዲገባ። መጀመሪያ በ10 ዲግሪ አቆምነው። በ3 ሜትር 53 ሳንቲ ይወርዳል፣ የፊቱ ጠርዝ 2.42 ላይ ይሆናል። ያምራል።

ቧንቧ ይዘን ላዩ ላይ ውኃ ለቀቅን። ለጥቂት ደቂቃ ጥሩ ፈሰሰ። ከዚያ መሐል ላይ ትንሽ ሆድ ያዘ፣ ሆዱ ውኃ ሰበሰበ፣ ውኃው ሆዱን አሰፋው። አንድ ካሬ ተኩል ቦታ ላይ በአማካይ 4 ሳንቲ ውኃ ሲቆም 60 ሊትር ነው፣ 60 ኪሎ። የእቃው ራሱ ክብደት እንደገና ተጨመረበት ማለት ነው። ወዲያው ውኃውን ዘጋን፣ ሸራውን በዘንግ ከሥር ገፋ አድርገን አፈሰስነው።

ለሚታጠፍ ሸራ በተለምዶ የሚያዘው ዝንባሌ ቢያንስ 14 ዲግሪ ነው፣ በሜትር 25 ሳንቲ። 75 ሳንቲ ወረደ፣ የፊቱ ጠርዝ 2.20 ሆነ። ዳይሬክተሯ ትንሽ ቅር አላቸው። የሰበሰበውን ውኃ በዓይናቸው ስላዩ ግን አልተከራከሩም። በ14 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ሙሉ ውኃ ለቀቅንበት፣ ሁሉም ወረደ። የግራው አዲስ ስፌት ላይ ሦስት ቦታ ጠብታ ወጣ፣ ምናልባት የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ነው። እማዬ ከላይ በኩል የስፌት መድፈኛ ቀባች። በማግስቱ አላንጠባጠበም።

እርጥብ ሸራ አይጠቀለልም። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ይጠቀለልና ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ተዘርግቶ ይደርቃል። አለዚያ ሻጋታ ይይዘዋል፣ የሻጋታ ጥቁር ነጥብ ደግሞ አይለቅም።

ሞተር አላደረጉም፣ በእጅ ማዞሪያ ነው። የነፋስ ሴንሰርም የለም። ስለዚህ ማን እንደሚዘጋው መወሰን ነበረበት። ጥበቃውንና ሁለት መምህራንን አሠለጠንን። የኪሎ ሜትር ቁጥር አልነገርናቸውም፣ መለኪያ የላቸውም። "ነፋሱ አቧራና ወረቀት ከመሬት ማንሳት ሲጀምር ዝጉ" አልናቸው። ይህ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ያለው ነፋስ ነው፣ እቃው ከሚችለው በታች። ኅዳግ የተውነው ሆን ብለን ነው፣ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ መዝጊያ ጊዜ ደግሞ ያስፈልጋል። ማዞሪያውን ሦስቱም በየተራ አሽከርክረው አሳዩን። ጥበቃው በ40 ሰከንድ ዘጋው።

ማታም ይዘጋል። ማንም በሌለበት ተዘርግቶ አያድርም።

ወጪው፦ ከታሰበው ውጭ 7.20 ሜትር ጨርቅ፣ ሦስት የዩ ብረት ከነፕሌቶቹ፣ አንድ ካርትሪጅ ሙጫ፣ የኪራይ ስካፎልዲንግ 5 ተጨማሪ ቀን፣ የተጎዳው ቱቦ ካሳ፣ በድምሩ የ7 ቀን ጉልበት። አባዬ ሲደምረው ከትርፋችን ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ብረቶቹ የግድ ነበሩ፣ በእነሱ አልቆጭም። የቀረው መጥፋት አልነበረበትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፦ ምርመራ

ሄደን ሁሉንም ቡሎን በቶርክ ሬንች ነካን። የግድግዳዎቹ አንድም አልላላም። የቀኙ እጅ የክርን ቡሎን ሩብ ዙር ያህል ጠበቀ። የሸራው ጠርዞች ከጥቅልሉ ጫፍ ግራ 3 ሚሊ፣ ቀኝ 5 ሚሊ ተለያይተዋል፣ ማለትም አልሸሸም። አዲሱ ስፌት ደረቅ ነው። ልጆቹ ከሥሩ ተቀምጠው ሥዕል ይስሉ ነበር።

የመለኪያ ወረቀታችንን እኔና እማዬ አብረን ሠራነው። አሁን "ስፋት" የሚል ብቻውን የለም። "የግድግዳ ስፋት"፣ "የእቃ ስፋት"፣ "ያለቀ ሸራ ስፋት" የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። እኔ የምሞላው ሁለቱን ብቻ ነው፣ ሦስተኛውን እማዬ አስልታ ትሞላና ትፈርምበታለች። ከታች እሷ በራሷ እጅ አንድ መስመር ጨምራለች፦ "መሞከሪያ ቀዳዳ ተበስቷል? ምን ወጣ?"

ነገ ጠዋት ሌላ ግድግዳ አለን። ወንድሜ 6 ሚሊውን ቢት ዛሬውኑ ሳጥኑ ውስጥ ከቷል፣ ቀይ ቀበቶዎቹንም።